«ጭነት አነሰ» የሚለው ማስጠንቀቂያ

የኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ከመመረቁ አስቀድሞም ከተማዋ የፋብሪካ ከተማ ነበረች። እኔም ከደሴ በሐረጎ ቁልቁል እየወረድኩ በፋብሪካ ኤሌክትሪክ ጥገና ሠርቻለሁ። ከሥራው በጥፋቴ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

በአንድ የሌሊት ፈረቃ የውኃ ፓምፑን ሞተር የሚቆጣጠረው ድራይቭ «ጭነት አነሰ» እያለ ደጋግሞ አቆመው። ድራይቭ የሞተሩን ፍጥነት ከፍና ዝቅ የሚያደርግ፣ የሚስበውንም ኃይል የሚከታተል መሣሪያ ነው። ምርት እንዳይቆም ብዬ ማስጠንቀቂያውን ዘጋሁት። ሞተሩም ዞረ። ሲነጋ የፓምፑ ማሸጊያ ተቃጥሎ አገኘነው። ለካ የመምጠጫው መስመር ተደፍኖ ፓምፑ ያለ ውኃ ሲዞር አድሯል፤ ውኃው ደግሞ ለማሸጊያው ማቀዝቀዣና ማለስለሻ ነው።

ጭነት ሲበዛ ሞተር እንደሚቃጠል ሁሉም ያውቃል። ሲያንስስ ምን ይጎዳል? ሰንሰለቱ የወለቀ ብስክሌት ፔዳሉ ይቀላል እንጂ አይሄድም። ቺንጋ ሲበጠስ፣ ሞተሩን ከፓምፑ የሚያያይዘው ኩፕሊንግ ሲሰበር፣ ውኃ ሲቋረጥ ሞተሩም እንዲሁ ይቀለዋል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ከሞተሩ ወዲያ ነው።

አንዳንዴ ግን ማስጠንቀቂያው በከንቱ ይመጣል። ምክንያቱ የገደቡ አሞላል ነው። የተለመደው የኢንዳክሽን ሞተር ባዶውን ሲዞር እንኳ ብዙውን ጊዜ ከሙሉ ጭነት አምፔሩ ከ30 እስከ 50 በመቶ ይስባል። ስለዚህ ከአምፔር ይልቅ ቶርኩን ወይም ኪሎዋቱን ማየት ይሻላል። ሁለተኛው ፍጥነት ነው። በሴንትሪፉጋል ፓምፕ ከ50 ወደ 40 ሄርዝ ሲወረድ የሚፈለገው ኃይል በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ለ50 ሄርዝ የተሞላ ቋሚ ገደብ በ40 ሄርዝ ጤነኛውን ፓምፕ ያቆመዋል። ብዙ ድራይቮች ግን ገደቡ ከፍጥነቱ ጋር እንዲወርድ አድርጎ መሙላት ያስችላሉ።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ኃይሉን አጥፍቶና ማጥፊያውን ቆልፎ፣ በድራይቩ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክም እስኪወጣ ጠብቆ ቺንጋውንና ኩፕሊንጉን ማየት፤ ቀጥሎ ውኃውንና ቫልቮቹን መፈተሽ፤ ከዚያ ፓምፑ በቅርቡ በአነስተኛ ተቀይሮ እንደሆነ መጠየቅ። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ብቻ ገደቡን አስተካክሎ በፈረቃው መዝገብ ላይ መጻፍ።

እኔ ያን ሌሊት ከመጨረሻው ጀመርኩ፤ መዝገቡ ላይም ምንም አልጻፍኩም።