ያውቁ ኖሯል? እንቅልፍ የሚነሱ ሆርሞኖች፣ ከቃሊቲ አጥር ወዲያና ወዲህ

እስረኛ እንቅልፍ ሲያጣ «ሕሊናው እየወቀሰው ነው» ይባላል። ሰውነታችን ግን ጥፋተኛውንና ንጹሑን የሚለይበት ሆርሞን የለውም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ አደጋ አለ ወይስ የለም? መልሱ «አይታወቅም» ከሆነ ነቅቶ ያድራል።

1. ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን የሚመረተው ኩላሊት አናት ላይ ቁጢጥ ባሉ ሁለት ዕጢዎች ነው። እያንዳንዳቸው ከ4 እስከ 5 ግራም ገደማ ይመዝናሉ። አዛዡ ግን አንጎል ነው፤ በውስጡ ያለው ሃይፖታላመስ ለፒቱታሪ ዕጢ ትእዛዝ ያስተላልፋል፣ ፒቱታሪ ደግሞ ኤሲቲኤች የተባለውን መልእክተኛ ሆርሞን በደም በኩል ወደ ኩላሊት አናት ይልካል።

2. ኮርቲሶል የራሱ ሰዓት አለው። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ዝቅ የሚለው ከሌሊቱ 6 ሰዓት አካባቢ ነው። ወደ ንጋት መጨመር ይጀምርና ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ጣሪያ ይነካል። ከእንቅልፍ በነቃን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ውስጥ ብቻ በግማሽና ከዚያም በላይ ሊያሻቅብ ይችላል።

3. ከሌሊቱ 7 ሰዓት የብረት በር ጓ አለ እንበል። አድሬናሊን በሴኮንዶች ውስጥ ይደርሳል፤ ልብ ድው ድው ይላል፣ ጆሮ ይቆማል። ነገሩ ከንቱ ሆኖ ሲገኝ አድሬናሊኑ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። ኮርቲሶል ግን ዘግይቶ መጥቶ ዘግይቶ ነው የሚሄደው። ጣሪያ የሚነካው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ነው፤ በግማሽ ለመቀነስም ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ይፈጅበታል። በሩ ጸጥ ካለ በኋላም ታራሚው ዓይኑ ፈጦ የሚቀረው ለዚህ ነው።

4. ሰውነት ተኝቶም ቀጠሮ ያከብራል። በጀርመን የሉቤክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ «ንጋት 12 ሰዓት ላይ እንቀሰቅሳችኋለን» የተባሉ ሰዎች ኤሲቲኤች መጨመር የጀመረው ገና አንድ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ነበር። «3 ሰዓት» ተብለው ሳያስቡት 12 ሰዓት ላይ የተቀሰቀሱት ግን ይህ አልታየባቸውም። የቤቱ ካቦ (የእስረኞቹ አለቃ) ለጠዋት ቆጠራ ሳይጣራ ቀድሞ የሚነቃ ታራሚ እንግዲህ ምክንያቱ ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

5. ጥልቁ እንቅልፍ የሚበዛው በሌሊቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ነው፤ በዚያ ሰዓት ኮርቲሶልን ይገታል። አመሻሹን ተጨንቆ ያሳለፈ ሰው የሚያጣው ይህንኑ ክፍል ነው።

6. ጭንቀት እንቅልፍ ይነሳል፣ እንቅልፍ ማጣትም ጭንቀት ይጨምራል። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት የእንቅልፍ እጦት ያለባቸው ሰዎች ኮርቲሶል ከሌሎች ከፍ ብሎ፣ በተለይም አመሻሽና በመጀመሪያው የሌሊት አጋማሽ ላይ አግኝቶታል። በ1999 እ.ኤ.አ. በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 11 ጤነኛ ወጣቶች ለ6 ሌሊት በየሌሊቱ 4 ሰዓት ብቻ አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ፣ የምሽት ኮርቲሶላቸው ጨምሮ ተገኝቷል።

7. ኮርቲሶልን ከሁሉ በላይ የሚያንረው ምን ይመስልዎታል? በ2004 እ.ኤ.አ. 208 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመሩ ባለሙያዎች መልስ ሰጥተዋል፦ ልናዝበት የማንችለውና በሌሎች ፊት የሚያስመዝነን ነገር። ችሎት ፊት ቆሞ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው ሁለቱንም ያሟላል። ፋይሉ ተከፍቶ «ለሌላ ቀጠሮ» ሲባል፣ ሌሊቱም አብሮ ይቀጠራል።

8. በእንግሊዝ እስር ቤቶች 237 ሰዎች ተጠይቀው 62 በመቶ ገደማ የሚሆኑት የእንቅልፍ እጦት መመዘኛን አሟልተው ተገኝተዋል። ጥናቱ የታተመው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው።

9. ከቃሊቲ በፊት የአዲስ አበባ ትልቁ እስር ቤት «ዓለም በቃኝ» ነበር። ዛሬ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ቆሟል። በቀይ ሽብር ዘመን በየእስር ቤቱ ማታ ስማቸው ተጠርቶ ከወጡት ብዙዎቹ አልተመለሱም። ከመሸ ስም የሚጠራበት ቤት ውስጥ ነቅቶ ማደር ሕመም ሳይሆን ራስን መጠበቅ ነው። ችግሩ ሰውነት ልማዱን ቶሎ አለመተዉ ነው፤ ከተፈቱ በኋላም ለዓመታት በኮሽታ የሚባንኑ አሉ።

10. ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በስምንት ዞን የተከፈለ ነበር። ወጣት ጦማሪዎች ቃሊቲ እስረኛ ሊጠይቁ ሲመላለሱ፣ ከአጥሩ ውጭ ያለውን አገር «ዞን ዘጠኝ» አሉት። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ግን ብዙዎቹ ራሳቸው ታሰሩ።

11. እንቅልፍ መንሳት የምርመራ ዘዴ ሆኖም ያውቃል። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. መጨረሻ የተዘጋው የፖሊስ ምርመራ ጣቢያ፣ ማዕከላዊ፣ «ጨለማ ቤት»፣ «ጣውላ ቤት» እና «ሸራተን» የሚባሉ ክፍሎች ነበሩት። የሰብዓዊ መብት ተቆጣጣሪዎች እዚያ የታሰሩ ሰዎች እንቅልፍ እየተነፈጉ እንደተመረመሩ መዝግበዋል። ኢትዮጵያ የማሰቃየት ድርጊትን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት የተቀበለችው በ1986 ዓ.ም. ነበር።

12. በ2015 እ.ኤ.አ. የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት «የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች» እስረኛን ጨለማ ውስጥም ሆነ መብራት በማይጠፋበት ክፍል ማኖርን ይከለክላሉ። ሁለቱም የሰውነትን ሰዓት ያዛባሉ፤ የሌሊት ብርሃን እንቅልፍ የሚጋብዘውን ሜላቶኒን ያግዳል። ደንቦቹ ከ15 ተከታታይ ቀናት በላይ ለብቻ ማሰርንም ያግዳሉ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ዳግም የታሰሩት ፖለቲከኛና የቀድሞ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ቃሊቲ ውስጥ ለወራት ለብቻቸው ተይዘው ነበር። የተፈቱት በመስከረም 2003 ዓ.ም. ነው።

13. ጠባቂውም አይተኛም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2007 እ.ኤ.አ. የሌሊት ፈረቃ ሥራን «ካንሰር ሳያስከትሉ አይቀሩም» ከሚላቸው መካከል መድቦታል፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ምደባውን አጽንቷል። ማማ ላይ ቆሞ የሚያድረው ፖሊስና ታች የሚገላበጠው ታራሚ አንድ ሌሊት ይጋራሉ።

14. ለቤተሰብም ይሁን፦ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከጠጡት ቡና ውስጥ ግማሽ ያህሉ ካፌይን ምሽት 4 ሰዓት ላይም ደምዎ ውስጥ ነው። የጫቱ ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው። ምርቃናውን ለመስበር የሚወሰደው የጨብሲ መጠጥ ቶሎ ቢያስተኛም፣ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይቆራርጠዋል።

15. ሐኪሞች «አልጋ ለእንቅልፍ ብቻ» ይላሉ። ቃሊቲ ውስጥ ግን መኝታው መቀመጫም፣ መመገቢያም፣ ማንበቢያም ሊሆን ይችላል። ያለው አማራጭ ቀን ቀን ፍራሽን ጠቅልሎ ግቢ መውጣት፣ ቢቻል በአንደኛው ጠርዝ መቀመጥና በሌላው መተኛት ነው። በእንግሊዝ አንድ እስር ቤት 30 ወንድ ታራሚዎች ከአንድ ሰዓት ብዙም ያልበለጠ ምክርና አነስተኛ በራሪ ጽሑፍ ብቻ ተሰጥቷቸው አብዛኞቹ ተሽሏቸዋል።

16. የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 እ.ኤ.አ. ለቆየ የእንቅልፍ እጦት ከኪኒን በፊት የሥነ ልቦና ሕክምና እንዲሞከር መክሯል። ከሕክምናው ዋና ዋና ትእዛዞች አንዱ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት ነው። ቆጠራ ይህን በነፃ ይሰጣል፤ የጠዋት ፀሐይም ግቢው ውስጥ አለ። እስር ቤት ውስጥ የሚጎድለው ቁርጥን ማወቅ ነው።

17. ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 ለታራሚ በትዳር ጓደኛው፣ በዘመዱ፣ በጓደኛው፣ በሃይማኖት አባቱ፣ በሐኪሙና በጠበቃው የመጎብኘት መብት ይሰጠዋል። እንግዲህ ቃሊቲ ዘመድ ካለዎት «ሰሞኑን ብቅ እላለሁ» አይበሉት። ቁርጡን እንዲያውቅ «እሑድ ጠዋት ስንቅ ይዤ እመጣለሁ» ይበሉት፤ ብለውም አይቅሩ።