ብርሃንን በልክ፦ የፋይበር ሞጁል አመራረጥና የእንጦጦ ቁልቁለት

ኦፕቲካል ትራንሲቨር ሞጁል በስዊች ወይም በራውተር ፊት ካሉት ቀዳዳዎች በአንዱ የሚሰካ፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ የብረት ሣጥን ሲሆን፣ ከመሣሪያው የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ምልክት በሌዘር አማካይነት ወደ ብርሃን ለውጦ በአንድ የፋይበር ክር ይልካል፤ በሌላው ክር የሚመጣለትንም ብርሃን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ይመልሳል። በባለሙያዎች ዘንድ በተለምዶ «ኤስኤፍፒ» እየተባለ የሚጠራው ይህ ዕቃ ትንሽ በመሆኑና ከሚሰካበት መሣሪያ አንጻር ዋጋው ቀላል በመምሰሉ፣ ብዙ ጊዜ ፍጥነቱ ብቻ ተጽፎ በግዢ ዝርዝር መጨረሻ ላይ ይታዘዛል። ይሁን እንጂ መስመሩ መሥራት አለመሥራቱን የሚወስነው ከሣጥኑ የሚወጣው ብርሃን ከሚጓዝበት መንገድ ጋር መመጣጠኑ ነው።

ይህን ለመረዳት ከእንጦጦ ተራራ የተሻለ ማሳያ አይገኝም። አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት የዐፄ ምኒልክ መናገሻ የነበረው ይህ የተራራ ሰንሰለት ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ይላል፤ በላዩም በጸበሉ የሚታወቀው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት፣ ሰፊው ፓርክ፣ እንዲሁም እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የሥነ ፈለክ ምርምር ማዕከል ይገኛሉ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደ ሕዋ የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት የምድር ጣቢያም በዚሁ ተራራ ላይ ነው። በተራራው ጫፍ የተሰበሰበ መረጃ በፋይበር ወደ ከተማ መውረድ ካለበት፣ ርዝመቱን፣ ጠመዝማዛውን መንገድና የሳሳውን አየር አስቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል።

ፋይበር ከጠራ መስተዋት የተሳበ ክር ነው። በሩቅ መስመሮች የሚያገለግለው «ሲንግል ሞድ» የተባለው ዓይነት ብርሃን የሚያልፍበት እምብርቱ 9 ማይክሮሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ በአንድ ሕንጻ ውስጥ ለአጭር ርቀት የሚዘረጋው «መልቲ ሞድ» ግን 50 ወይም 62.5 ማይክሮሜትር ስፋት አለው። እ.ኤ.አ. በ1966 ቻርልስ ካኦ የመስተዋቱ ብክነት በኪሎ ሜትር ከ20 ዴሲቤል በታች ከወረደ ፋይበር ለስልክ መገናኛ እንደሚበቃ አሳየ፤ ለዚህም ሥራው በ2009 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ዴሲቤል የብርሃንን መጨመርና መቀነስ በብዜት የሚገልጽ መለኪያ ነው፤ 3 ዴሲቤል ሲቀንስ ብርሃኑ በግማሽ ይወርዳል፣ 10 ሲቀንስ አንድ አሥረኛው፣ 20 ሲቀንስ አንድ መቶኛው ብቻ ይቀራል። የዛሬው መስተዋት ግን እጅግ ከመጥራቱ የተነሣ፣ ለሰው ዓይን በማይታየው የ1550 ናኖሜትር ብርሃን ላይ በኪሎ ሜትር የሚያጠፋው 0.25 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ይህም ማለት ከ100 እጅ ብርሃን 94ቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ በሕይወት አለ ማለት ነው። በ1310 ናኖሜትር ብክነቱ ወደ 0.35 ከፍ ይላል፤ 850 ናኖሜትር ደግሞ ለመልቲ ሞድ አጭር መስመር የተመደበ ነው።

በሞጁሉ ላይ የሚጻፉት ፊደሎች ይህንኑ ያመለክታሉ። ኤስኤፍፒ በሰከንድ 1 ጊጋቢት፣ ኤስኤፍፒ ፕላስ 10 ጊጋቢት፣ ኪውኤስኤፍፒ 28 ደግሞ 100 ጊጋቢት ያስተላልፋል። በ10 ጊጋቢት ቤተሰብ ውስጥ «ኤስአር» በመልቲ ሞድ ላይ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ሜትሮች፣ «ኤልአር» በ1310 ናኖሜትር እስከ 10 ኪሎ ሜትር፣ «ኢአር» በ1550 ናኖሜትር እስከ 40፣ «ዜድአር» እስከ 80 ኪሎ ሜትር ያገለግላሉ። የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ግን ግምት እንጂ ዋስትና አይደለም፤ ዋስትናው ሂሳቡ ነው።

ከተራራው ጫፍ እስከ ከተማው ማዕከል ያለው የኬብል መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ኬብሉ የመንገዱን ጠመዝማዛ ተከትሎ ስለሚወርድ በካርታ ላይ ከሚታየው ቀጥታ ርቀት ይረዝማል፤ ስሌቱም የሚሠራው በኬብሉ ርዝመት ነው። በሁለቱም ጫፍ አንዳንድ ማገናኛ በ0.5 ዴሲቤል፣ በመንገዱም አራት የክር ብየዳ በ0.1 ዴሲቤል ቢታሰብ፣ የ1310 ብርሃን 4.9 በመስተዋቱ፣ 1 በማገናኛዎቹ፣ 0.4 በብየዳው፣ በድምሩ 6.3 ዴሲቤል ያጣል። የኤልአር ሞጁል ደካማው የመላኪያ ልክ ከዜሮ በታች 8.2 ዴሲቤል ሚሊዋት፣ ማለትም 0.15 ሚሊዋት ያህል ሲሆን፣ ተቀባዩ እስከ 14.4 ድረስ ስለሚያነብ በመካከላቸው ያለው አቅም 6.2 ብቻ ነው። ስለዚህ መስመሩ በመጀመሪያው ቀን በጥሩ ሞጁል ሊሠራ ቢችልም፣ ለእርጅናና ለሚጨመር ብየዳ የሚሆን ቢያንስ 3 ዴሲቤል መጠባበቂያ የለውም።

«ከሆነማ ጠንካራውን መግዛት ነው» የሚለው መደምደሚያ ደግሞ ሌላው ስሕተት ነው። ዜድአር በዚሁ መንገድ ላይ ቢተከል፣ በ1550 ናኖሜትር ብክነቱ 4.9 ዴሲቤል ስለሚሆን፣ እስከ 4 ዴሲቤል ሚሊዋት የሚልከው ሌዘር ወደ ተቀባዩ የሚያደርሰው ከዜሮ በታች 0.9 ብርሃን ነው። የዚህ ተቀባይ ጣራ ግን ከዜሮ በታች 7 በመሆኑ ብርሃኑ ይበዛበታል፤ ስሕተት ያበዛል፣ ሊበላሽም ይችላል። ኢአር እንኳ ጣራው ከዜሮ በታች 1 ስለሆነ፣ በብርቱ ሌዘር ሲገኝ ለጥቂት ያልፈዋል። ስለዚህ የሚመረጠው 3 ዴሲቤል ብርሃን የሚቀንስ ማዳከሚያ የተጨመረበት ኢአር ነው፤ በደካማው ሌዘርም ቢሆን ከዜሮ በታች 4.7 ተነሥቶ ከመንገዱ ብክነት፣ ከማዳከሚያውና ከመጠባበቂያው በኋላ 15.6 ላይ ስለሚያርፍ፣ 15.8 ድረስ የሚያነበውን ተቀባይ አይጎድልበትም። በጣም ብዙ ብርሃን እንደ በጣም ጥቂት ብርሃን ሁሉ ጉዳት ነው።

በአንድ ክር ላይ መላክና መቀበልን የሚያጣምሩት ሞጁሎች ጥንድ ናቸው፤ በአንዱ ጫፍ በ1270 የሚልክና በ1330 የሚቀበል ከተሰካ፣ በሌላው ጫፍ ተቃራኒው መሰካት አለበት፤ ሁለት አንድ ዓይነት ሞጁሎች ቢገናኙ መስመሩ ከቶ አይነሣም። አንዳንድ መሣሪያዎችም በሞጁሉ ውስጥ የተጻፈውን የአምራች መለያ አንብበው የማያውቁትን ስለሚከለክሉ፣ ከግዢ በፊት ተኳኋኝነቱ ይጠየቃል። በእንጦጦ ከፍታ ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ሙቀትን የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል፤ የአካባቢው ብርድ ዕቃውን ያቀዘቅዘዋል ተብሎ ከመታመን ይልቅ፣ ከቤት ውጭ ባለ ፀሐይ በሚያገኘው ሳጥን ውስጥ ለሚሰካው ከ-40 እስከ 85 ዲግሪ የሚሠራው ይመረጣል፤ ተራው ከ0 እስከ 70 ዲግሪ የሚሠራ ነውና።

ከምርጫ በኋላ የሚመጣው ንጽሕና ነው። በማገናኛው ጫፍ ላይ ያለች አንዲት ዐይን የማታያት የአቧራ ቅንጣት 9 ማይክሮሜትር የሆነውን እምብርት ልትጋርድ ስለምትችል፣ ባለሙያ ክዳኑን ከማንሣቱ እስከ መሰካቱ ድረስ ጫፉን በማጽጃ ብዕር ጠርጎ በማይክሮስኮፕ ይመረምራል፤ ብርሃኑ የማይታይ ነውና በባዶ ዐይንም ወደ ፋይበሩ አይመለከትም። መስመሩ ሲነሣ ደግሞ ሞጁሉ ራሱ የሙቀቱን፣ የቮልቴጁን፣ የሌዘሩን ኤሌክትሪክ፣ የሚልከውንና የሚቀበለውን ብርሃን ልክ በስዊቹ ስክሪን ላይ ያሳያል። በተከላው ዕለት የተቀበለው ብርሃን ከዜሮ በታች 8.6 ተብሎ ከተመዘገበና በዓመቱ 11.6 ሆኖ ከተገኘ፣ ብርሃኑ በግማሽ ወርዷል ማለት ነው፤ አገልግሎቱ ግን ገና አልተቋረጠምና ከመቋረጡ በፊት የቆሸሸውን ማገናኛ ማጽዳት፣ የተጠማዘዘውን ክር ማቃናት ይቻላል። ይህን የሚያውቀው ግን በመጀመሪያው ቀን ያችን ቁጥር በመዝገብ ያሰፈረ ባለሙያ ብቻ ነው።