ሰትር የሚገባው የቱ ነው? ስለ ጓደኛችን ደኅንነት ሲያሳስበን



ውድ እህት ወንድሞች፣ ከመካከላችን በሀይሌ ጋርመንት፣ በለቡና በጀሞ ቤት ተከራይተው የሚማሩ አሉ። ዶርም ውስጥ አንድ ተማሪ ሁለት ቀን ከአልጋው ባይነሳ የሚያየው ሰው አለ። በኪራይ ቤት ግን በሩ ከተዘጋ ያለ ጓደኛ የሚያንኳኳ የለም።

ምን እናስተውል? አንድ ምልክት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ የምናየው ለውጡን ነው። ከክፍልና ከጀመዓ የማይቀር የነበረ ድንገት ሲጠፋ፣ ምግብና እንቅልፍ ሲተው፣ እህታችን ስልክ በጮኸ ቁጥር ስትደነግጥ፣ ወይም ምክንያቱን የማትናገረው ቁስል ሲታይባት እንጠይቅ። «ብሞት ይሻለኛል» ያለንን ሰው ራሱን ለማጥፋት እያሰበ እንደሆነ በግልጽ እንጠይቀው። ጥያቄው ሐሳቡን አይፈጥርበትም፤ እንዲናገር በር ይከፍትለታል። ብቻውን አንተወው፤ ወደ ሐኪም አብረነው እንሂድ። ሩቅያ ማስደረግ ከሕክምና አያግድም፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

«ለማንም አትንገሩብኝ» ቢለንስ? ብዙዎቻችን የምንቸገረው እዚህ ላይ ነው። የሰውን ነውር መሸፈን ትልቅ አጅር አለው፤ ጊባም ሐራም ነው። ነገር ግን ኢማም አን-ነወዊ ሰውን በሌለበት ማንሳት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ፣ በደልን ለሚመለከተው አካል ማቅረብን፣ መጥፎን ነገር ለማስቆም እርዳታ መጠየቅንና ሌሎችን ከጉዳት ማስጠንቀቅን አካትተዋል። እንግዲህ ሰትር የሚገባው ላለፈ ነውር ነው፤ ሰው እየተጎዳ ከሆነ ግን ለሚረዳው አካል ይነገራል። ስለዚህ «ለማንም አልናገርም» ብለን አስቀድመን ቃል አንግባ። «ለሚረዳን ሰው ብቻ እነግራለሁ» ማለት ይበቃል። ከዚያ ውጭ ግን በጀመዓው ግሩፕም ሆነ በሻይ ላይ ወሬው አይነሳ።

ለማን እንንገር? ግቢ ውስጥ ለተማሪዎች ዲን፣ ለምክር አገልግሎት፣ ለክሊኒክ ወይም ለሥርዓተ ፆታ ቢሮ። ያየነውንና የሰማነውን ከቀኑና ከቦታው ጋር እንናገር፤ ግምታችንን አንጨምር። ከግቢ ውጭ፣ ለምሳሌ ማታ ከታክሲ ወርደን ወደ ኪራይ ቤታችን ስንሄድ ለሚደርስብን ጥቃት ፖሊስ በ991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ቤት የተከራየን ሁሉ ለአንድ ጓደኛ አድራሻችንንና የአከራያችንን ስልክ እንስጥ።

ፆታዊ ጥቃት ከደረሰ ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር የተሻለ ነው። ከምርመራ በፊት ገላን አለመታጠብና የተለበሰውን ልብስ አለማጠብ ለማስረጃ ይጠቅማል። የዘገየችም ብትሆን ግን ሕክምና ከመሄድ አትቅር። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለተጎጂዎች ሕክምናውና የፖሊስና የሕግ አገልግሎቱ በአንድ ማዕከል ይሰጣል። እንዲህ ያለው ጉዳይ በሽምግልና አይዘጋም፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል።

እህቶች ለወንድ ለመናገር ካፈሩ ለጀመዓው አሚራ ይንገሩ፤ አብራቸው ትሄዳለች። በዚህ ሳምንት ከጀመዓ የጠፋ ካለ ደውለን እንጠይቀው። አላህ አንዳችን ለሌላችን ጠባቂ ያድርገን። አሚን።