ማሽላ ወይስ ሰሊጥ? የመስቀለኛ ቃላት እንቆቅልሽና የማስረጃ ክብደት

የመስቀለኛ ቃላት እንቆቅልሽ ለብዙዎቻችን የእሑድ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ማሳለፊያ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1913 አርተር ዊን የተባለ ጋዜጠኛ በኒውዮርክ ጋዜጣ ላይ የመጀመሪያውን ዘመናዊ እንቆቅልሽ ካወጣ ወዲህ ጨዋታው በብዙ ቋንቋዎችና ፊደላት ተዛምቷል። በጥሞና ለተመለከተው ግን ጨዋታው ከጨዋታነት ያልፋል። የሳይንስ ሰው በቤተ ሙከራው የሚገጥመውን ችግር በአነስተኛ ሠንጠረዥ ላይ ያሳያልና። ፍንጮቹ ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱ ፍንጭ ከአንድ በላይ መልስ ይቀበላል፤ መልሱ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ከሌሎቹ ጋር ሲገጥም ነው። ይሁን እንጂ መገጣጠም ብቻውን የእውነት ምስክር ሊሆን ይችላልን? ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ በሸዋ ሮቢት ያጋጠመኝ እንቆቅልሽ ስለሆነ ከዚያው ልጀምር።

የቀወት ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ጣርማበርን ወርደው፣ ደብረ ሲናን አልፈው የሚያገኟት የቆላ ከተማ ናት። ቅዳሜንና እሑድን ያሳለፍሁት በዚያ ከሚኖሩት ጡረተኛ መምህር አጎቴ ዘንድ ነበር። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ እስኪበርድ ድረስ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን በጋዜጣ የወጣ እንቆቅልሽ ያዝን። እኔ በእስክርቢቶ እጽፋለሁ፤ እርሳቸው እርሳስ ይዘው ይመለከታሉ።

አብዛኛው ከተሞላ በኋላ አንድ ማዕዘን አስቸገረን። አንባቢ እንዲከታተለን በወረቀት ላይ ሦስት በሦስት የሆነ ካሬ ሠርቶ መካከለኛውን ሣጥን ያጥቁር። በቀሪዎቹ ስምንት ሣጥኖች ላይ ባለ ሦስት ፊደል የሆኑ አራት ቃላት ይሰፍራሉ። ፍንጮቹ እነሆ፦

የላይኛው አግድም፦ የቆላ ሰብል
የግራው ወደታች፦ ፀሐይ የምትወጣበት
የታችኛው አግድም፦ ጥንታዊ መንግሥት
የቀኙ ወደታች፦ ሳይንቲስት የሚያካሂደው

በመጀመሪያ «ማሽላ» ብዬ ጻፍሁ። ከተቀመጥንበት ሆነን የምናየው ማሳ ሁሉ ማሽላ ነበርና ለማመንታት ምክንያት አልነበረኝም። በ«ማ» የሚጀምርና ፀሐይ የምትወጣበት ምንድን ነው? «ማለዳ»። በ«ዳ» የሚጀምር ጥንታዊ መንግሥትስ? «ዳሞት»። ሦስቱ ቃላት እንደ ሰንሰለት ተያያዙ፤ እኔም በመልሶቼ ይበልጥ ተማመንሁ። የቀረው የቀኙ ቃል ሲሆን በ«ላ» ጀምሮ በ«ት» መጨረስ ነበረበት። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈለግሁ፤ አልተገኘም። በመጨረሻም ፍንጩን ያዘጋጀው ሰው ተሳስቷል ብዬ ደመደምሁ።

አጎቴ ዝም ብለው ሲመለከቱ ከቆዩ በኋላ፣ «እስቲ ልጄ፣ አሁን የተቀመጥህበት አገር ስሙ ማን ይባላል?» አሉኝ።

«ይፋት ነዋ፣ ጋሼ» አልሁ።

መልሱን የሰማሁት ከተናገርሁት በኋላ ነው። ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 15ኛው መጀመሪያ በወላስማ ሥርወ መንግሥት ይመራ የነበረው የይፋት ሱልጣኔትም ጥንታዊ መንግሥት ነው። የታችኛው «ይፋት» ከሆነ የግራው ቃል በ«ይ» መጨረስ አለበት። «መውጣት» ብቅ ማለት ብቻ ሳይሆን ሽቅብ ማለትም ነውና መልሱ «ሰማይ» ይሆናል። በ«ሰ» የሚጀምረው የቆላ ሰብል «ሰሊጥ» ነው። በ«ጥ» ጀምሮ በ«ት» የሚጨርሰውም «ጥናት»። ሳይንቲስት የሚያካሂደውን ነገር አንድ የፊዚክስ መምህር ግማሽ ሰዓት ፈልጎ አላገኘውም ነበር።

ስሕተቱ አሳፋሪ ቢሆንም አስተማሪ ነው። እንዴት ልታለል ቻልሁ?

አንደኛው ምክንያት የምስክሮቹ አለመነጣጠል ነው። ሦስት መልሶች እርስ በርስ ስለተስማሙ ሦስት ምስክሮች ያሉኝ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን «ማለዳ»ን የመረጥሁት «ማሽላ» ስለተጻፈ ነው፤ «ዳሞት»ንም የመረጥሁት «ማለዳ» ስለተጻፈ ነው። ስለዚህ ምስክሩ አንድ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ የእርሱን ቃል ደገሙ እንጂ የራሳቸውን አልተናገሩም። በውጭ አገር ለዶክትሬቴ ስሠራም ተመሳሳይ ነገር ደርሶብኛል። ሁለት የሙቀት መለኪያዎች አንድ ዓይነት ንባብ ስለሰጡኝ ውጤቱን አምኜ ሦስት ወር ሠራሁበት። ኋላ ግን ሁለቱንም ያስተካከልኋቸው በአንድ የተሳሳተ ማነጻጸሪያ እንደነበር ደረስሁበት። መለኪያዎቹ የተስማሙት በእውነቱ ሳይሆን በስሕተቱ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት የፊደላት ክብደት እኩል አለመሆኑ ነው። የፊደል ገበታችን 33 ተራዎችና 7 ቅርጾች ስላሉት፣ ዲቃላዎቹን ሳይጨምር 231 ምልክቶች ይሰጣል። ሁሉም በእኩል ዕድል የሚመጡ ቢሆን ኖሮ፣ በአንድ ሣጥን ውስጥ ያለን ፊደል ማወቅ 7.85 ቢት መረጃ ያስገኝ ነበር። ቢት ማለት የአንድ «አዎን ወይስ አይደለም» ጥያቄ መልስ ነው። ባለ 26 ፊደሉ የእንግሊዝኛ ሣጥን በዚሁ ስሌት 4.70 ቢት ብቻ ይይዛል። እንደ ሀ፣ ሐ እና ኀ ያሉትን ሞክሼዎች እንደ አንድ ብንቆጥር እንኳ የእኛ ምልክቶች 196፣ መረጃውም 7.61 ቢት ይሆናል።

በተግባር ግን ፊደላት በእኩል ዕድል አይመጡም። «ት» በአማርኛ ቃላት መጨረሻ እጅግ ይዘወተራል፤ «ዳሞት»፣ «ይፋት» እና «ጥናት» ሁሉም የሚጨርሱት በእርሱ ነው። ስለዚህ የታችኛው ቃል በ«ት» ማለቁ «ዳሞት» ትክክል ስለመሆኑ ምንም አያስረዳም፤ መልሱ «ይፋት» ቢሆንም ያው «ት» ይገኝ ነበርና። አንድ ማስረጃ ክብደት የሚኖረው ግምታችን ትክክል ሲሆን የሚታይ፣ ስሕተት ሲሆን ግን የማይታይ ከሆነ ነው። በሁለቱም ጊዜ የሚታይ ከሆነ ሚዛኑን ወደየትም አያደፋም። በአንጻሩ በ«ላ» ጀምሮ በ«ት» የሚጨርስ መልስ መታጣቱ ከባድ ማስረጃ ነበር። እኔ ግን ቀላሉን ማስረጃ ይዤ ከባዱን በአዘጋጁ ስሕተት አሳበብሁ።

የመረጃ ንድፈ ሐሳብ መሥራች ክላውድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፉ ስለ መስቀለኛ ቃላት ጠቅሷል። ማንኛውም የፊደላት ድርድር ቃል ቢሆን ኖሮ የትኛውም ሠንጠረዥ እንቆቅልሽ በሆነ ነበር፤ በተቃራኒው ቋንቋው በፊደላት አደራደር ላይ የሚጥለው ገደብ እጅግ ከበዛ ሰፊ እንቆቅልሽ መሥራት አይቻልም። የእንግሊዝኛን ትርፍነት 50 በመቶ ያህል ገምቶ፣ ጨዋታው ሊኖር የቻለው በዚህ መካከለኛ ስፍራ ላይ መሆኑን አስረድቷል። ይኸው ገደብ ነው ስሕተታችንን እንድንይዝ የሚረዳን። ማንኛውም የ«ላ» እና የ«ት» ጥምረት ቃል ቢሆን ኖሮ «ማሽላ» እስከ ዛሬ ድረስ ሳይነካ በቆየ ነበር።

ፈላስፋዋ ሱዛን ሃክም እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመችው መጽሐፍ ሳይንሳዊ ማስረጃን ከመስቀለኛ ቃላት ጋር አነጻጽራለች። በእርስዋ አስተያየት የአንድ መልስ አስተማማኝነት በሦስት ነገሮች ይመዘናል፦ ፍንጩ መልሱን በመደገፉ፣ የተሻገሩት መልሶች ከዚህኛው ተነጥለው ሲታዩ ባላቸው ጥንካሬ፣ እንዲሁም በተሞላው የሠንጠረዥ ክፍል ስፋት። እኔ የዘነጋሁት ሁለተኛውን ነው።

ከዚህ በመነሣት ለእንቆቅልሽ ወዳጆችም ለቤተ ሙከራ ተማሪዎችም የሚሆን አንድ ሥርዐት ልጠቁም። አንድ ሣጥን አልሞላ ሲል የመጨረሻውን ቃል ብቻ ደጋግሞ መፈተሽ አይበቃም። የተያያዙትን ሁሉ በአንድነት ሰርዞ፣ መጀመሪያ ከተገባበት በር ሳይሆን ከሌላ ማዕዘን መጀመር ይገባል። አጎቴ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ከማሽላው ማሳ ሳይሆን ከአገሩ ስም ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼ የቤተ ሙከራ ዘገባ ሲያቀርቡ፣ «ውጤቴን የሚደግፈው ምንድን ነው?» ከሚለው ቀጥለው አንድ ተጨማሪ ጥያቄ እንዲመልሱ አዝዣለሁ፦ «ውጤቴ ስሕተት ቢሆን ኖሮ ይህንኑ ማስረጃ አየው ነበርን?» ብዙዎቹ ጥያቄው ከባድ ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ ግን በእርሳስ እንዲጽፉ እመክራቸዋለሁ።