በጅቡቲ አካባቢ በእግር ጉዞ ውሻን ስለ መጫን

የምድር ባቡሩ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1917 አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት፣ በሸዋና በባሕሩ ጠረፍ መካከል የነበረው ንግድ በግመልና በበቅሎ ጀርባ ይጓዝ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ከአሳል ሐይቅ ጨው የሚጭን የአፋር ግመለኛም ግራና ቀኙ ያልተመዛዘነ ጭነት ገጣባ እንደሚያወጣ፣ ገጣባ ያወጣ ግመልም እስኪድን ድረስ ከሥራ ውጭ እንደሚሆን አሳምሮ ያውቃል።

ዛሬ ደግሞ ለእግር ጉዞ ለውሻ ባለ ሁለት ኪስ ከረጢት መጫን በብዙ አገር ተለምዷል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በሰሜን አሜሪካ ሜዳዎች የሚኖሩ ነገዶች ፈረስ ሳያገኙ ዕቃቸውን በውሻ ያጓጉዙ ነበር። በጅቡቲ ከተማ ውሻ የሚያሳድግ ሰውም ወደ አርታ ተራራ ሲወጣ ይህንኑ ቢያስብ አያስነቅፈውም። ይሁን እንጂ ስለ ሚዛን ከግመለኛው መማር ሲገባ፣ ስለ ሀሩር ግን ግመልን ምሳሌ ማድረግ አይቻልም።

ግመል በውሃ ጥም ጊዜ የሰውነቱ ሙቀት ቀን ከፍ፣ ሌሊት ዝቅ እያለ ውሃውን ይቆጥባል። ውሻ ግን ላብ የሚያወጣው ከመዳፉ ብቻ ስለሆነ፣ ሙቀቱን የሚያስወጣው በተለይ በማለክለክ ነው። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ 41 ካለፈ ሕይወቱ ያሰጋል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ካምሲን የተባለው ነፋስ በሚነፍስበትና በከተማው የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወራት፣ ውሻን ጭኖ መጓዝ ጭካኔ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ቀዝቀዝ ያለ ወራት እንኳ ጎሕ ሳይቀድ መነሣት ያስፈልጋል። የእጅን ጀርባ መሬት ላይ አሳርፎ መታገሥ ካልተቻለ፣ የውሻውም መዳፍ ይቃጠላል።

አጥንቱ ያልጠና ቡችላ አይጫንም፤ አንድ ዓመት ተኩል እስኪሞላው መጠበቅ ይሻላል። አስቀድሞ ባዶውን ከረጢት በቤት ይልመድ። ጭነቱም ቀስ በቀስ ወደ ክብደቱ አንድ አሥረኛ ይድረስ፤ ይኸውም ለ20 ኪሎ ውሻ 2 ኪሎ ማለት ነው። የበረታና የለመደ ውሻ ቢሆንም ከሩብ ማለፍ አይገባም። ሸክሙ በወገቡ ላይ ሳይሆን ከፊት እግሮቹ በላይ፣ በጫንቃው ላይ ይረፍ። በሁለቱም ኪስ ውሃ ከተጫነ፣ ከአንዱ ብቻ እየቀዱ ሌላውን ሙሉ መተው ያንኑ የግመለኛውን ገጣባ ያመጣል።

ወደ ዳይ ደን የሚወጣ ሰው ውሻውን በማሰሪያ ይያዝ፤ በዚያ ያለችው የጅቡቲ ቆቅ ከዚህች አገር በቀር በሌላ ስፍራ የማትገኝና ቁጥሯ እጅግ የተመናመነ ወፍ ናት።

በየዕረፍቱ ከረጢቱ ይውረድ፤ ማሰሪያው ያረፈበት ጠጉርም ተገልጦ ይታይ። ውሻው ምራቁ ከተዝረከረከና እግሩ ከተብረከረከ፣ ጭነቱን ወዲያው አራግፎ ወደ ጥላ ማስገባት፣ ገላውን በውሃ እያራሱ ማራገብ፣ ሳይዘገዩም ወደ እንስሳት ሐኪም ማድረስ ነው።