የበረዶ ናዳ፦ በጠራ ሌሊት የሚጠነሰስ አደጋ

በአገራችን ናዳ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው በክረምት ዝናብ የራሰ አፈር ከተዳፋት ላይ ሲናድ ነው። በቀዝቃዛ አገሮች ተራሮች ላይ ግን በረዶም ይናዳል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2012 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በካስኬድ ተራሮች ተነል ክሪክ በተባለ ስፍራ፣ ከከባድ የበረዶ ወጀብ በኋላ የወረደ ናዳ ሦስት ሰዎችን ገድሏል። ሟቾቹ በበረዶ መንሸራተት የተካኑ ነበሩ። ለመሆኑ ልምድ ያላቸውን ሰዎች እንኳ የሚያዘናጋው ይህ ክስተት እንዴት ይፈጠራል?

ብዙዎች አደጋውን የሚያመጣው ወጀቡ ብቻ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከወጀቡ በፊት፣ ሰማይ በጠራበት ሌሊት ነው። ደመና በሌለበት ሌሊት የበረዶው ገጽ ሙቀቱን በጨረር መልክ ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። በአየር ውስጥ ያለው ተንም በገጹ ላይ ላባ መሰል ውርጭ ይሆናል። ይህ ውርጭ እርስ በርሱ በሚገባ የተያያዘ አይደለም። ወጀቡ አዲስ በረዶ ሲከምርበት ደካማ ንብርብር ሆኖ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ተቀብሮ ይቆያል።

ጉዳዩን በቁጥር እንመልከተው። አንድ ሜትር ኩቡ 200 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው በረዶ 38 ዲግሪ ባዘነበለ ተዳፋት ላይ ተነጥፏል እንበል። ከሥሩ ያለውን ንብርብር በእያንዳንዱ ሜትር ካሬ ወደ ቁልቁል የሚገፋው ኃይል፦

200 × 9.8 × 0.5 × ሳይን 38° ≈ 600 ኒውተን

ይህም የ60 ኪሎ ግራም ሰው ክብደት ያህል ነው። ወጀቡ ያንኑ ያህል በረዶ ቢጨምር ኃይሉ እጥፍ ይሆናል። የደካማው ንብርብር ጥንካሬ ግን በዚያው ፍጥነት አያድግም። በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ሲያልፍበት ንብርብሩ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም በቅጽበት ተስፋፍቶ ከላይ ያለው በረዶ እንደ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተገምሶ ይወርዳል። ሰው ከሚሞትባቸው የተራራ ጉዞ ናዳዎች አብዛኞቹን የሚቀሰቅሱት ተጎጂዎቹ ራሳቸው ወይም ባልንጀሮቻቸው ናቸው።

በመሆኑም ተጓዦች ከ30 ዲግሪ በላይ ካዘነበሉ ተዳፋቶችና ከሥራቸው እንዲርቁ ይመከራሉ። የሬዲዮ ምልክት ማስተላለፊያ፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋም ከእያንዳንዱ ተጓዥ አይለዩም፤ የተቀበረ ሰው በሕይወት የመውጣት ዕድሉ ከመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች በኋላ በፍጥነት ያሽቆለቁላልና። ከሁሉ በላይ ግን ልናስተውለው የሚገባን፣ ወጀቡ አልፎ ሰማዩ ስለጠራ ብቻ በረዶው ረግቷል ማለት አለመሆኑን ነው።