ጠመንጃ ለምን ይነክሳል? ራሱን ስለሚያጎርስ ጠመንጃ አሠራርና ብልሽት

በሀገራችን ስለ ጠመንጃ የተባለው ብዙ ነው። ውጅግራውም ምንሽሩም በሽለላና በቀረርቶ ተወድሷል። ነገር ግን ይህ ብረት በውስጡ ምን እንደሚሠራ፥ ይልቁንም ወታደሮች «ነከሰ» የሚሉት ሁኔታ ሲደርስበት ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ ሲጻፍ እምብዛም አናይም። የዚህ ጽሑፋችን ዓላማ ይህን በመጠኑ ማስረዳት ነው። ፊዚክስ የሚያጠኑ ጓደኞቻችን በሰሌዳ ላይ ያዩትን ሕግ በብረት ላይ ሲሠራ ያገኙታል፤ ሕግና አስተዳደር የሚያጠኑትም፥ እስከ መጨረሻው ከታገሡን፥ የሚመለከታቸው ነገር አያጡም። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. ግፊቱ ከየት ይመጣል?

በውጅግራና በምንሽር ጊዜ ተኳሹ አንድ ጥይት ከተኮሰ በኋላ መቀርቀሪያውን በእጁ ስቦ ባዶውን ቀልሃ ያወጣል፤ መልሶም ገፍቶ ሌላ ያቀባብላል። የባሩዱ ኀይል አረሩን ወደ ፊት ከላከ በኋላ የቀረው በከንቱ ይባክናል፤ የተኳሹንም ትከሻ ይመታል። ራሱን የሚያጎርስ ጠመንጃ ማለት ይህ ይባክን ከነበረው ኀይል ጥቂቱን ወስዶ የተኳሹን እጅ ሥራ እንዲሠራ ያደረገ መሣሪያ ነው። ከፊል አውቶማቲክ የሚባለው ደግሞ ቃታው አንድ ጊዜ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ የሚተኩሰው ነው።

የኀይሉን መጠን ለመገመት አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ወታደር ይዞት የነበረው ኤም-1 የተባለው ጠመንጃ ክብደቱ 4.3 ኪሎ ግራም ያህል ነው። አረሩ 9.7 ግራም ያህል ሲመዝን በሰከንድ 840 ሜትር ገደማ እየበረረ ይወጣል። ክብደቱን በፍጥነቱ ብናባዛው፥ ያንኑም ለጠመንጃው ክብደት ብናካፍለው፥ ጠመንጃው በአረሩ ምክንያት ብቻ በሰከንድ ወደ 1.9 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ወደ ኋላ መሄድ እንዳለበት እናገኛለን። ተከትሎ የሚወጣው ጋዝ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ኒውተን ለእያንዳንዱ ግፊት እኩልና ተቃራኒ ግፊት አለው ያለው ይኸው ነው።

ይህን የኋልዮሽ ግፊት ለሥራ በማዋል ስሙ የተጠራው ሒራም ማክሲም ነው፤ በ1884 የሠራው መትረየስ የሚንቀሳቀሰው በዚሁ ኀይል ነበር። ሌሎች መሐንዲሶች ደግሞ ከባሩዱ የሚወጣውን ጋዝ ራሱን በትንሽ ቀዳዳ ቀንሰው ፒስተን እንዲገፋ አደረጉ። በስፕሪንግፊልድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ጆን ጋራንድ የፈለሰፈውና የአሜሪካ ጦር በ1936 የተቀበለው ኤም-1 ከዚህ ወገን ነው። ይህ ጠመንጃ ለእኛም ሀገር እንግዳ አይደለም፤ አሜሪካ ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሠራዊት ከሰጠቻቸው መሣሪያዎች አንዱ ነበር።

፪. በአንድ ተኩስ ውስጥ ስንት ሥራ አለ?

ቃታ ተስቦ ጥይቱ ከተኮሰ በኋላ ቀጥለው የሚመጡት ሥራዎች ሰባት ናቸው። መቀርቀሪያው ከተቆለፈበት ይፈታል፤ ጥፍሩ ባዶውን ቀልሃ ይዞ ከጉሮሮው ይስባል (ጉሮሮ ያልነው ጥይቱ የሚጎርስበትን ክፍል ነው)፤ ቀልሃው ወደ ውጭ ይፈናጠራል፤ መምቻው እንደገና ይወጠራል፤ የመመለሻው ሞላ ተጨምቆ መቀርቀሪያውን ወደ ፊት ሲመልሰው አዲስ ጥይት ከካዝናው ይገፋል፤ ጥይቱ ይጎርሳል፤ በመጨረሻም መቀርቀሪያው ይቆለፋል።

እነዚህ ሁሉ የሚፈጸሙት ከዐይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። በደቂቃ 750 ጊዜ የሚተኩስ መሣሪያ ለአንዱ ዙር ያለው ጊዜ 0.08 ሰከንድ ነው፤ ፍጥነቱ ወደ 1,000 ከፍ ቢል 0.06 ሰከንድ ብቻ ይቀረዋል። ስለዚህ ነገሩ የኀይል ብቻ ሳይሆን የጊዜም ጉዳይ ነው። የጋዙ ግፊት፥ የሞላው ጥንካሬ፥ የሚንቀሳቀሱት ብረቶች ክብደት፥ የካዝናው ሞላ ጥይቱን ወደ ላይ የሚያነሣበት ፍጥነት፥ እነዚህ ሁሉ እርስ በርሳቸው ተስማምተው የተመዘኑ ናቸው። አንዱ ሲለወጥ ሌሎቹ ሁሉ ይነካሉ።

ለዚህም የጆንሰን ጠመንጃ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1941 የተሠራው ይህ ጠመንጃ የሚሠራው ቱቦው ራሱ ጥቂት ወደ ኋላ እየሄደ በመመለስ ነበር። በቱቦው ጫፍ ላይ ከባድ ሳንጃ ቢሰካበት የሚንቀሳቀሰው ክብደት ስለሚጨምር አሠራሩ ይታወካል። ከዚህም የተነሣ እንደ ወስፌ የቀጠነ ቀላል ሳንጃ ተሠራለት። ለተመልካች ሳንጃና ቀልሃ ማውጣት የሚገናኙ ነገሮች አይመስሉም፤ በጠመንጃው ውስጥ ግን ይገናኛሉ።

፫. አንድ ምልክት፥ ሁለት ተቃራኒ በሽታዎች

እንግዲህ ጠመንጃው ነከሰ እንበል። ተኳሹ ተኩሷል፤ ቀልሃው ወጥቷል፤ አዲሱ ጥይት ግን አልጎረሰም። ምን ሆኖ ነው?

አንደኛው ምክንያት የኀይል ማነስ ሊሆን ይችላል። የጋዙ ቀዳዳ በጥላሸት ተደፍኖ፥ ፒስተኑ አልቆ ጋዙ በጎን እያመለጠ፥ የጋዙ መዝጊያ ላልቶ፥ ወይም ብረቶቹ ቅባት አጥተው እየተፋተጉ ይሆናል። መቀርቀሪያው ወደ ኋላ የሚሄደው ሙሉ ርቀቱን ሳይሆን ግማሽ መንገድ ነው፤ ከሚቀጥለው ጥይት ጀርባ ሳይደርስ ስለሚመለስ ባዶ ጉሮሮ ላይ ይዘጋል።

ሁለተኛው ምክንያት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ይኸውም የኀይል መብዛት። መቀርቀሪያው ከመጠን በላይ ፈጥኖ ወደ ኋላ ሄዶ፥ ተላትሞ፥ ፈጥኖም ይመለሳል። የካዝናው ሞላ ጥይቱን ወደ ላይ ሳያነሣ መቀርቀሪያው በላዩ ያልፋል። ውጤቱ ያው ባዶ ጉሮሮ ነው!

ትኩሳት ያየበትን ሰው ሁሉ የወባ መድኃኒት የሚያጠጣ ሐኪም እንደማይመሰገን ሁሉ፥ ይህን ምልክት አይቶ ወዲያው የጋዙን ቀዳዳ የሚያሰፋ ወይም ሞላውን የሚቆርጥ ሰውም ባለሙያ አይባልም። በሽታው የኀይል መብዛት ከነበረ አብሶት ያርፋል። ስለዚህ ሌሎች ምልክቶችን መመልከት ያስፈልጋል። ኀይሉ ያነሰ እንደ ሆነ ቀልሃው ዝም ብሎ አጠገብ ይወድቃል፤ ካዝናውም ባዶ ሲሆን መቀርቀሪያው ተከፍቶ መቆም ሲገባው ይዘጋል። ኀይሉ የበዛ እንደ ሆነ ግን ቀልሃው ርቆ ይወረወራል፤ ጠርዙ በጥፍሩ ተጣሞ ወይም ተቀዶ ይገኛል፤ የጠመንጃው ምትም ከወትሮው ይከብዳል።

ምክንያቱ ከጋዙ ውጭ የሆነበትም ጊዜ ብዙ ነው። የመመለሻው ሞላ በአገልግሎት ብዛት ደክሞ ከሆነ መቀርቀሪያው እስከ መጨረሻው አይቆለፍም። የካዝናው ከንፈር ተጣሞ ከሆነ ጥይቱ አቅጣጫውን ስቶ ይሰነቀራል፤ ይህን ለማወቅ ካዝናውን ብቻ ለውጦ መሞከር ይበቃል። ጉሮሮው ዝጎ ወይም ቆሽሾ ከሆነ ደግሞ ቀልሃው ተጣብቆ አልወጣም ይላል። ጥይቱም ራሱ ሊመረመር ይገባል፤ ኤም-1 ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ ሲገባበት በጋዙ ቀዳዳ ላይ የሚደርሰው ግፊት ስለሚበዛ መቀርቀሪያውን የሚነዳው ረጅም ዘንግ ሊጎብጥ ይችላል።

የምርመራው ሕግ በቤተ ሙከራ የምናውቀው ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የደኅንነቱ ሕግ ይቀድማል። ቃታው ተስቦ ጥይቱ ካልፈነዳ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አድርጎ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ ባሩዱ ዘግይቶ ሊነድ ይችላልና። የተኩሱ ድምፅ ደካማ የሆነ እንደ ሆነም አረሩ በቱቦው ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል፥ ጠመንጃው ባዶ ተደርጎ ቱቦው ሳይታይ ሌላ መተኮስ ሕይወትን ያስከፍላል።

፬. የኤም-16 ታሪክ

እስካሁን ያልነው ሁሉ በአንድ ታሪክ ውስጥ ተሰብስቦ ይገኛል። ዩጂን ስቶነር የነደፈው ኤም-16 እንደ ተኳሹ ምርጫ በነጠላም በተከታታይም የሚተኩስ ሲሆን፥ የአሠራሩ ዙር በሁለቱም አንድ ነው። ፒስተን ገፍቶ የሚመልስ ረጅም ዘንግ የለውም፤ ጋዙ በቀጭን ቧንቧ አልፎ መቀርቀሪያውን በሚሸከመው ብረት ውስጥ በቀጥታ ይገባል። በሰደፉ ውስጥም የመመለሻው ሞላና የግጭቱ ማብረጃ ይገኛሉ። ጠመንጃው ቀላል ነው፤ ሲፈተንም የተመሰገነ ነበር።

ሲፈተን የነበረው ጥይት የተሞላው እንደ ስንጥር በተቆራረጠ የባሩድ ዐይነት ነው። የጦር ሠራዊቱ አረሩ በሰከንድ 990 ሜትር ያህል እንዲበር ይፈልግ ስለ ነበር፥ በዚያ ባሩድ ግፊቱ ከተፈቀደው ሳያልፍ ይህን ፍጥነት ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። ስለዚህ በ1964 ክብ ቅንጣት ያለው ሌላ ባሩድ እንዲገባ ተፈቀደ። የአረሩ ፍጥነት ተገኘ። ይሁን እንጂ አዲሱ ባሩድ በጋዙ ቀዳዳ ላይ የሚያደርሰው ግፊት ከቀድሞው የበለጠ ነበር፤ ጥላሸቱም በዛ። ጠመንጃው በደቂቃ እስከ 1,000 ወደሚደርስ የተኩስ ፍጥነት ተጣደፈ፤ ከላይ ያሰላነው 0.08 ሰከንድ ወደ 0.06 ወረደ ማለት ነው። ጥይቱ ተለወጠ፤ ጠመንጃው ግን ለቀድሞው ጥይት እንደ ተመዘነ ቀረ።

በዚህ ላይ ሌሎች ጉድለቶች ተደረቡ። ጉሮሮው በክሮም አልተለበጠም ነበርና በቬትናም እርጥበት ዛገ። መጥረጊያውና የማጽጃው ዕቃ በበቂ አልታደለም፤ ጠመንጃው ብዙ ጽዳት አያስፈልገውም የሚል ወሬም ተነዝቶ ነበር። እንግዲህ ቀልሃው በዛገው ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ሳለ፥ ያለ ጊዜው የተጣደፈው መቀርቀሪያ ሲጎትተው፥ ጥፍሩ ጠርዙን ቀድዶ ባዶውን ይመለሳል፤ ቀልሃውም በውስጥ ይቀራል። ይህን ለማውጣት ያለው መንገድ የመጥረጊያ ዘንግ በአፈሙዙ በኩል ሰድዶ መግፋት ነው። ጠላት በቅርብ እየተኮሰ ሳለ ይህን ማድረግ ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ይገምት። ዘንግ እንኳ ያልታደለው ወታደር ብዙ ነበር።

በመጀመሪያ ጥፋቱ በወታደሩ ላይ ተደረገ፤ ጠመንጃውን ስለማያጸዳ ነው ተባለ። ይህ ፈጽሞ ሐሰት ነው አንልም፤ ቆሻሻው የበኩሉን አድርጓል። ነገር ግን ቆሻሻውን ያበዛው ባሩድ በወታደሩ ምርጫ አልመጣም፤ የማጽጃውንም ዕቃ የነፈገው እርሱ አይደለም። ወታደሮች ወደ ቤታቸው የጻፏቸው ደብዳቤዎች ለምክር ቤት አባሎች ደረሱ። በተወካዩ በሪቻርድ አይኮርድ የሚመራ ንዑስ ኮሚቴ ጉዳዩን መረመረ፤ በጥቅምት 1967 ባወጣውም ሪፖርት ባሩዱ የተለወጠው በበቂ ፈተና ሳይደገፍ መሆኑን ገለጸ፤ የጥይቱን ጉድለት በጊዜው ያላረሙትን ባለሥልጣኖችም ቸልተኝነታቸው ወደ ወንጀል የሚጠጋ ነው ሲል ወቀሰ።

መድኃኒቱ ከበሽታው ጋራ ሲነጻጸር ቀላል ነበር። የቀድሞው ማብረጃ በውስጡ የሚንሸራተቱ የብረት ክብደቶች ባሉት በሌላ ተተካ፤ ይህም ጥድፊያውን አበረደ፤ መቀርቀሪያው ሲዘጋ እንዳይነጥርም ያዘው። ጉሮሮው በክሮም ተለበጠ። የማጽጃ ዕቃ ታደለ፤ በ1968ም ሥዕል ሣዩ ዊል አይስነር ያዘጋጀው ባለ ሥዕል መመሪያ ለወታደሩ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ጠመንጃው ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት አገልግሏል። እንግዲህ የጐደለው ብልሃት አልነበረም፤ ለውጡ በተደረገ ጊዜ ቀሪውን ዳግመኛ መመዘን ነበር እንጂ።

፭. ምን እንማራለን?

ከእኛ መካከል ጠመንጃ የሚሠራ ወይም የሚጠግን ጥቂት ይሆናል። ነገር ግን አንዱ የውኃ ቧንቧ ይዘረጋል፤ አንዱ የመድኃኒት ግዢ ይፈቅዳል፤ ሌላው ለትምህርት ቤቶች ደንብ ያወጣል። አንድ ቀን በጠረጴዛችን ላይ «ይህችን ብቻ እንለውጥ» የሚል ወረቀት መቅረቡ አይቀርም። ወረቀቱ የአረሩን ፍጥነት ብቻ ይናገራል፤ ስለ ጋዙ ቀዳዳ፥ ስለ ሞላውና ስለ ጉሮሮው አይናገርም። ስንፈርም ያንን መጠየቅ የእኛ ድርሻ ነው።

ሥራው ነክሶ ሲቆምም፥ በእጁ የያዘውን ሰው «አላጸዳህም» ብለን ከመክሰሳችን በፊት፥ «እኛ ምን ለውጠን ነበር?» ብለን እንጠይቅ። ይህ ጥያቄ በቬትናም በወቅቱ ቢጠየቅ ኖሮ ነገሩ ደብዳቤና ምክር ቤት እስኪደርስ ባልቆየ ነበር።